የቁጥር አስራ አራት ሦስት ችግኞች

የደን ቢሮውን ችግኝ ቆጣሪ ሞቶ ያገኙት የእንጨት ኩባንያው ዘበኞች ናቸው። ሰኞ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ቁጥር አስራ አራት በሚሉት ኮረብታ። ኩባንያው ደኑን እንደ ዳቦ ቆራርሶ ለየቁራሹ ቁጥር ሰጥቶታል። አስራ አራተኛው ከተቆረጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

እኔ ስደርስ ሰውየው አንድ ሰፊ ጉቶ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ከጆሮው በላይ ራሱ ተፈንክቷል። ለቆጠራ የሚተክለው ችካል እንደቆመ ነው፣ ክብ የሚለካባት አራት ሜትር ገመድም ከችካሉ ጋር እንደታሰረች ናት። ከእግሩ ሥር ደም የነካው መጥረቢያ ተጥሏል።

«አለቀ» አለኝ ሳጅኑ እጁን እያራገፈ። «መጥረቢያው የከሰል አክሳዩ ነው። ዘበኞቹ አይተው ለይተውታል።»

«ሬሳው ሳይነሳ አንተ ፍርድ ጨረስክ?»

«ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

እኔ ኢንስፔክተር ነኝ። ከኋላዬ «ነገር ቆስቋሿ» ይሉኛል፤ ይበሉ። ነገር ካልተቆሰቆሰ ምርመራ ምኑን ምርመራ ሆነ?

ቁጭ ብዬ መሬቱን አየሁ። በሟቹ ራስ አጠገብ እስከ ጉልበቴ የሚደርሱ ሦስት የጥድ ችግኞች አሉ። የሌሎቹ ሥር አፈሩ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። የእነዚህ የሦስቱ ግን ትኩስ ነው፤ ዙሪያቸው በተረከዝ ተረግጧል። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ርግጫ፣ አንዱ ከአንዱ እኩል ርቆ። ጫፉ ጎበጥ ያለው ደግሞ በቀጭን እንጨት ተደግፎ በሣር ታስሯል። በጣቴ አፈሩን ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ደም አገኘሁ።

«ና እስቲ እይ። ደሙ ከአፈሩ በታች ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሰውየው ከተመታ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ችግኝ ሲያቃና ነበር። ከሰል አክሳይህ ነው ይህን ያደረገው?»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። በእሱ ቤት ጉዳዩ ተዘግቷል።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ስገባ ከሰል አክሳዩን አምጥተውታል። ግራ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፣ ከንፈሩ ተተርትሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ሳጅኑን።

«ደረጃ ላይ ወድቆ ነው።»

ጣቢያችን ደረጃ የለውም። መሬት ላይ የተዘረጋ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። እሱን ትቼ ወደ ሰውየው ዞርኩ።

«መጥረቢያህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ? ዘበኞቹ ከወሰዱብኝ ሁለት ሳምንቱ ነው። ከደን ወጥቼ መንገድ ላይ ነው የቀሙኝ።»

«ወረቀት ሰጡህ?»

«ለእኔ ዓይነቱ ወረቀት ይሰጣል እንዴ?»

«ከቆጣሪው ጋርስ ለምን ተጣላህ?»

«ቁጥር አስራ አምስት ሥር ከሰል አታክስል አለኝ። ‹እነሱ ኮረብታውን ሲላጩት ዝም ብለህ እኔን ነው የምታየው?› አልኩት። እሱ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እውነትህን ነው› ብሎኝ ሄደ። አለቀ። ይኼ ጠብ ነው?»

እናቱ በር ላይ ቅያሪ ልብሱን በላስቲክ ይዛ ቆማለች። ስወጣ እጄን ያዘችኝ። «ልጄ፣ ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም» አለች። ምን ልበላት? የጣቢያው አዛዥ ወስኗል፤ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ይወስደዋል። እዚያ የገባ ጠበቃ የሌለው ሰው ዳኛ እስኪያየው ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። እሷ ያን ያህል የምትቆይ ሴት አልመሰለችኝም። ሦስት ቀን ነበረኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባሁ። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳውን የሚያክል የአረንጓዴ ደን ፎቶ ተሰቅሏል። በመስኮቱ በኩል ግን እውነተኛው ኮረብታ ይታያል፤ መላጣውን።

«እኛ የቆረጥነውን እንተካለን» አለኝ ሳልጠይቀው። «ሕጉም ያስገድደናል። ከሦስት ዓመት በኋላ የደን ቢሮው ቆጣሪ ይመጣል፣ በተሰጠው ነጥብ ላይ ችካል ይተክላል፣ በገመዱ ዞሮ ክቡ ውስጥ ያለውን ችግኝ ይቆጥራል። በቂ ከሆነ ይፈርማል። ደኑን የሚጨርሱት ከሰል አክሳዮች ናቸው፣ ኢንስፔክተር። እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም።»

«ከፈረመ በኋላስ?»

«ቀጣዩን ቁጥር እንድንቆርጥ ፈቃድ ይሰጠናል።»

ቀጣዩ ቁጥር አስራ አምስት ነው። ከላይ ያለው፣ ሰው ያልነካው የመጨረሻው ደን። ይህች ከተማ የምትጠጣው ውሃ ከዚያ ሥር ነው የሚፈልቀው።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?» ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት እንደዚያ ነው የገመተው። ቁስሉም የመጥረቢያ አይደለም፣ ጠበብ ያለ ነገር ነው ብሏል። አዛዡ ይህን ስነግረው «ሐኪም ምን ያውቃል» አለኝ!

«መኪና ውስጥ። ከአንድ ተኩል ጀምሮ። ሦስት ሰዓት ላይ ከተማ ስብሰባ ነበረኝ፤ አራት ሰው ይመሰክራል። አባ ችግኝንም በችግኝ ጣቢያው በኩል ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ በጎማ ውሃ ያጠጣ ነበር።»

«አባ ችግኝ ማን ናቸው?»

«የተከላ ኃላፊያችን።»

«ስለ እሳቸው አልጠየቅኩዎትም እኮ።»

«ከጠየቁ ብዬ ነው» አለና ሰዓቱን አየ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወረድኩ። አባ ችግኝ ስልሳዎቹን ያለፉ፣ እጃቸው እንደ ቅርፊት የሻከረ ሽማግሌ ናቸው። በጥላ መረቡ ሥር ረድፍ ረድፍ የተደረደሩ የፕላስቲክ ከረጢቶች መሃል ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ።

«ሟቹን ያውቁት ነበር፣ አባባ?»

«እኔ አይደለሁም ወይ ያስተማርኩት! እዚህ ነው የጀመረው፣ ደን ቢሮው ሳይቀጥረው በፊት። እንደ ልጄ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ችግኝ አተካከል ያሳዩኛል?»

ይህን ስላቸው ፊታቸው ፈካ። አንዷን ከከረጢት አውጥተው በአጥሩ ሥር ባለ ጉድጓድ አስገቧት፣ አፈር መለሱ፣ በተረከዛቸው ሦስት ጊዜ ዙሪያዋን ረገጡ። ከዚያ ጫፏን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጓት። «እንዲህ ትፈትኛታለሽ። ከወጣች አልተተከለችም፣ ተሰክታ ነው። ሦስት ዓመት ቆማ ሥር ከያዘችማ በሬ ቢጎትታት...» አሉና እጃቸውን ከችግኟ ላይ አነሱ።

«በሬ ቢጎትታት ምን?»

«ትሰበራለች እንጂ አትነቀልም።»

«ሦስት ጊዜ መርገጡን ሁሉም ተካይ ያውቀዋል?»

«እኔ ያስተማርኩት ሁሉ። ስድሳ ሰው ነበሩ።»

«አሁንስ?»

«አራት ቀሩ። ሌላውን አሰናበቱት።»

አስቡት እንግዲህ። ስድሳ ተጠርጣሪ በአንድ ጊዜ ሆነልኝ። ሰኞ ጠዋት የት እንደነበሩ ስጠይቃቸው «እዚሁ» አሉኝ፣ ወደ ከረጢቶቹ እያዩ። ወጥቼ ስሄድ አንዱ ከረጢት ውስጥ ጣቴን ሰደድኩ። አፈሩ እንደ ዱቄት ደርቋል። ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የገባኝ የሟቹ ሚስት ቤት ነው። ሸሚዞቹን እያጠፈች በካርቶን ታስቀምጣለች። ከመጋባታቸው በፊት እሷም እዚያው ችግኝ ጣቢያ አፈር ስትሞላ ነበር፤ የተዋወቁትም እዚያ ነው።

«ጠላት ነበረው?» አልኳት።

«እሱ? ጉንዳን ሲረግጥ የሚደነግጥ ሰው! የተጣላው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ዓምና ቀይ የጥፍር ቀለሜን ሰርቆኝ። ‹ዛፍ ልቀባ ነው› አለኝ። ዛፍን የጥፍር ቀለም መቀባት ምን ይባላል? አሳቀኝና ተውኩት።»

«የትኛውን ዛፍ?»

«ቁጥር ዘጠኝን ሊቆጥር የሄደ ጊዜ ነው። ሌላ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለውም ነበር። ‹አንድ ነገር እርግጠኛ ልሁን› ይለኛል ሁሌ።»

ልወጣ ስል እንደ ዋዛ፣ አባ ችግኝ ሰኞ ጠዋት በጎማ ውሃ ሲያጠጡ እንደነበር ነገርኳት። እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«በዚህ ወር? ማን ነው ይህን ያለሽ?»

«ምነው?»

«ችግኝ ወደ ኮረብታ ሊወጣ ሲል እኮ ውሃ ይከለከላል። ችግር እንዲለምድ፣ እንዲጠነክር። ከመተከሉ በፊት ወር ሙሉ። አባ ችግኝ አሁን ጎማ የያዘ ሰው ቢያዩ በዶማ ነው የሚያባርሩት።»

አባ ችግኝ እንዲህ ያለ ውሸት ከአፋቸው አይወጣም፤ እኔን ያሉኝ «እዚሁ» ብቻ ነው። ውሃ ያጠጡ ነበር ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ችግኝ ተከልኩ እያለ የሚምል ሰውዬ ችግኝ መቼ ውሃ እንደሚጠጣ አያውቅም!

ረቡዕ በጠዋቱ ሳጅኑን እየጎተትኩ ቁጥር አስራ አራት ወጣሁ። ቆጣሪው ችካል በተከለበት ክብ ውስጥ አስራ ሁለት ችግኝ አለ። አንድ በአንድ ዝቅተኛውን ቅርንጫፋቸውን ገለበጥኩ። በአምስቱ ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ። የጥፍር ቀለም።

«ቁጥር ዘጠኝ ላይ ነበር የቀባው» አልኩት ሳጅኑን።

«እና እዚህ ምን አመጣቸው?»

«እግር አውጥተው ነዋ!»

ቁጥር ዘጠኝ በኮረብታው ማዶ ነው፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሳጅኑ እያለከለከ ተከተለኝ። ስንደርስ ያየነው ጉድጓድ ነው። በረድፍ በረድፍ፣ ችግኝ የወጣበት ባዶ ጉድጓድ፣ እሱም ቆጣሪው ዓምና ችካል በተከለባቸው ነጥቦች አካባቢ ብቻ። ሌላው አረምና ጉቶ ነው፣ ማንም ዶማ አላሳረፈበትም። ተመልሰን አስራ አራትንም ዞርነው፣ እንደዚያው። ችካሉ ዙሪያ ጥሩ ችግኝ ቆሟል፤ ከክቡ ሃምሳ እርምጃ ሲርቁ ምድረ በዳ። የቆጠራ ነጥቦቹን የሚያውቀው የደን ቢሮው ብቻ መሆን ነበረበት። ቢሮው ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ዝርዝሩን ለኩባንያው ሰጥቷል ማለት ነው። ያው ጥቂት መቶ ችግኝ ከኮረብታ ኮረብታ እየዞረ ስንት ጊዜ ተቆጠረ? ስንት ፈቃድ አወጣ? የዚህን አገር ደን የጨረሰው አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክሞ የሚወርደው ሰው ነው ብለን ስንፎክር ነው የኖርነው። አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

«አሁንማ ገዳዩ ሥራ አስኪያጁ ነው» አለ ሳጅኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ሹፌሩን ለብቻው ጠየቅኩት። ከአንድ ተኩል ጀምሮ ከተማ እስኪገቡ ሥራ አስኪያጁ ከመኪና አልወረደም። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያለው ካሜራም ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ቀርጿቸዋል። «በችግኝ ጣቢያው በኩል አለፋችሁ?» ስለው «ኧረ በሌላኛው መንገድ ነው የሄድነው» አለኝ፣ ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ። «ሁለት ሰዓት አልፎ ግን ስልክ ተደወለላቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። ከዚያ እሳቸው ደግሞ ለዘበኞቹ አለቃ ደወሉ።»

የዘበኞቹን አለቃ ለመያዝ ሳጅኑን ላክሁና ብቻዬን መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ አልገደለም። ግን ማን እንደገደለ ያውቃል፣ ሊሸፍነውም የውሃ ማጠጣት ተረት ፈጥሯል። ለዚያ ሰው ብሎ አይደለም። ያ ሰው አፉን ከከፈተ የሚዞረው ደን ይወጣል ብሎ ነው። ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ ጎባጣ ችግኝ በእንጨት የሚደግፍ ሰው ደግሞ ስድሳም አራትም አይሆንም፤ አንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ አባ ችግኝን ይዤ ኮረብታውን ወጣሁ። ለምን እንደሚሄዱ አልጠየቁኝም። ጉቶው ጋ ስንደርስ ሦስቱን ችግኞች አሳየኋቸው።

«ይፈትኑልኝ፣ አባባ። በሁለት ጣት።»

ተንበረከኩ። እጃቸው ሄዶ ጫፏ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አልችልም» አሉ።

«ለምን?»

«ትወጣለች።»

«ሦስት ዓመት የቆመች ችግኝ?»

«ሦስት ሳምንቷ ነው» አሉና መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

አጠገባቸው ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሠላሳ ዓመት ተክያለሁ» አሉ። «በእውነት ተክያለሁ። በኋላ ሰዎቼን አባረሩብኝ፣ የሚጠበቀውን ቁጥር ግን አልቀነሱትም። ‹ባለህ ችግኝ ተብቃቃ፣ ቆጣሪው ወደሚሄድበት አዙረው› አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ‹አለበለዚያ ጣቢያውን እዘጋዋለሁ።› በካሚዮን አዞርን። ግማሹ በየመንገዱ ይሞትብኛል። አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።»

«ሰኞስ?»

«እያጠባበቅኳቸው መጣብኝ። ቀዩን ነጥብ አሳየኝ። ‹ጋሼ፣ እኔን ሳብ አድርገህ ፈትን ያሉኝ እርስዎ ነዎት› አለኝ። ሳብ አደረገና ነቀላት። ሁለተኛዋን ነቀለ። ‹ተው› አልኩት። ሦስተኛዋን ነቀለና ‹ዛሬ እጽፈዋለሁ› አለ። ዶማው እጄ ላይ ነበር። ምን እንደነካኝ...»

«ከዚያስ?»

«ሥራቸው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሥር ፀሐይ ካየ ያልቅለታል። መለስኳቸው። ከዚያ ስልክ ደወልኩ። ‹ወደ ሥራህ ተመለስ፣ ሌላውን ለእኔ ተው› አለኝ።»

ልጠይቅ አልፈለግኩም፣ ጠየቅኩ።

«ችግኞቹን ሲመልሱ እሱ ይተነፍስ ነበር?»

የጎባጣዋን ድጋፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ። ለነፋሱ የሚሆን ቅጠል እንኳ የለም፣ በጉቶዎቹ መሃል ያልፋል።

«ትንሽ» አሉ።

«ትንሽ?!» ጮህኩ። «ስልክ እጅዎት ላይ ነበር! ሐኪም ቤቱ ሃያ ደቂቃ ነው! እንደ ልጄ ነበር አላሉኝም? የእሱስ ነፍስ ፀሐይ ላይ አልተሰጣችም?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። እንባቸው ይወርዳል፣ እኔ ግን የማዝንበት አንጀት አጣሁ። ሰንሰለቱን ሳጠልቅ አንጓቸው ላይ ያለው አፈር እጄን ነካኝ።

ማታውን የዘበኞቹ አለቃ ተናገረ። መጥረቢያውን ከመጋዘን አውጥቶ፣ ደም አስነክቶ ሬሳው እግር ሥር የጣለው በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱን አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ሽማግሌውን ውሰጂ። ከሰል አክሳዩ ይፈታ። የሥራ አስኪያጁ ነገር ግን ይቆይ፣ ቀስ ተብሎ ይታያል።»

«ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊያስገባ ሐሰተኛ ማስረጃ የፈጠረ ሰው ነው። የሟቹን ቆጠራ ሊቀብር። ምኑ ነው የሚቆየው?»

«ማንን እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ስሙን ይጻፉልኝና ከመዝገቡ ጋር ላያይዘው።»

አዛዡ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ሥራ አስኪያጁን ከዚያ ከፎቶው ሥር ነው ያነሳሁት። «ማን ጋ እንደምደውል ታውቂያለሽ?» አለኝ፤ ‹እርስዎ› መባሌ ቀረ። «ይደውሉ» አልኩት፣ «መንገዱ ረጅም ነው፣ ያጫውትዎታል።» ቁጥር አስራ አምስት ላይ የነበሩት መጋዞች የዚያኑ ቀን ቆሙ። እስከ መቼ እንደሆነ አልምልላችሁም፤ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ገና ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል።

ጣቢያ ስንመለስ መኪናው ሞተር አስነስቷል፣ ከሰል አክሳዩ ከኋላ ታስሮ ተቀምጧል። ትእዛዙን ማንም አልነገራቸውም! በእጄ የመኪናውን አፍንጫ መትቼ አስቆምኩት። እሱን አወረድን፣ ሽማግሌውንና ሥራ አስኪያጁን ጫንን። እናትየው ከበሩ እየሮጠች መጥታ ልጇን አንገቱን አቀፈችው።

«ነፃ ነህ፣ ሂድ» አለው ተረኛው።

አልሄደም። ባልተከደነው ዓይኑ ዙሪያውን አየን። «አራት ቀን» አለ። «ጥርሴ ወልቋል። ‹ገድያለሁ በል› እያሉ... ማነው ይቅርታ የሚለኝ?»

ተረኛው ጫማውን አየ። አዛዡ መስኮቱን ዘጋ። እኔ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

«አንቺ አይደለሽም የመታሽኝ።»

«አይደለሁም።»

«ሳጅኑ የት ነው?»

«የሽማግሌውን ቤት ሊፈትሽ ወጥቷል። ከሰዓት ይመለሳል።»

«እጠብቀዋለሁ» አለ።

እናቱ ክንዱን ሳበችው። «ተው ልጄ፣ እንሂድ፣ ጸብ ይቅርብን» አለችው። «ጸብ አይደለም፣ እማ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ዓይኔን አይቶ እንዲለኝ ነው።» በሩ መሃል ቆመ።

ወደ ውስጥ ገብቼ የአዛዡን ወንበር አወጣሁለት።